የሳሎኑን የጡብ ምድጃ ቀለም እንቀባው ወይስ እንተወው? ደረጃ በደረጃ የመወሰኛ መመሪያ

ጡብ መቀባት ግድግዳ የመቀባትን ያህል ቀላል ነገር አይደለም። የግድግዳ ቀለም ካላማረን በሌላ ቀለም እንሸፍነዋለን፣ በቃ። ጡብ ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ቀለሙን ወደ ውስጥ ይመጠዋል። አንዴ ከመጠጠው በኋላ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ዘበት ነው። ማስለቀቂያ ኬሚካል የላዩን ቢያነሳም፣ በየቀዳዳው የገባው ይቀራል። በአሸዋ ግፊት ማስፋቅ ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው። ጡቡ እቶን ውስጥ ሲተኮስ ያበጀውን ጠንካራ ቆዳ ይገፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ጡቡ መፈርፈር ይጀምራል።

ይህን የምለው አትቀቡ ለማለት አይደለም። በደንብ ታስቦበት የተቀባ ምድጃ ሳሎኑን አዲስ ሊያደርገው ይችላል። የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መመለስ የሚቻለውን ሁሉ አስቀድሙ፣ የማይመለሰውን ወደ መጨረሻ አቆዩት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው 3ኛው ወይም 4ኛው ላይ ሲደርስ ቀለም ጭራሽ እንደማያስፈልገው ይገባዋል።

1. ያስጠላችሁ ምኑ እንደሆነ ለዩ

ሁልጊዜ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡና ምድጃውን እዩት። ከዚያ "ያላማረኝ ነገር ይህ ነው" ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን የውሳኔው ግማሽ የሚያልቀው እዚህ ነው።

"ጥቁር ጥቁር ብሏል" ካላችሁ ችግሩ ጥላሸት ነው፣ መፍትሔውም ማጽዳት ነው። "ክፍሉ ጨለመብኝ" ካላችሁ ጡቡን ከመውቀሳችሁ በፊት መጋረጃውን፣ አምፖሉንና የግድግዳውን ቀለም መርምሩ። "ያረጀ መሰለ" ካላችሁ ደግሞ ያረጀው ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው የእንጨት መደርደሪያ ወይም ወርቃማው የብረት በር ነው እንጂ ጡቡ አይደለም። "ቀለሙ ራሱ፣ ቀይነቱ አይስማማኝም" ካላችሁ ግን ቀለም መቀባት በእርግጥ መልስ ሊሆን ይችላል። ቀጥሉ።

2. ጡቡ ቀለም ይችል እንደሆነ መርምሩ

ይህን ደረጃ መዝለል የለባችሁም። ከተቀባ በኋላ የሚላጥና የሚያብጥ ምድጃ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከመቀባቱ በፊት ጡቡ ውስጥ የነበረ ነው።

በመጀመሪያ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጡቡ ላይ አድርጉ። ጠብታው ወዲያው ተመጥጦ ቦታው ጠቆር ካለ ጡቡ ክፍት ነው ማለት ነው፣ ቀለም ይይዛል። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ወይም ሳይመጠጥ ወደ ታች ከተንሸራተተ ግን፣ ከዚህ በፊት ማሸጊያ ፈሳሽ ተቀብቷል ወይም ጡቡ ራሱ የሚያብለጨልጭ ሽፋን አለው። እንዲህ ያለው ላይ ተራ ቀለም በደንብ አይይዝም። 6ኛው ደረጃ ላይ የምናያቸው ኖራና ጡብን ዘልቆ የሚያቀልም ማቅለሚያም አይሠሩበትም። ሙከራውን በሦስት አራት ቦታ ድገሙት። ከታች የሚመጥ ጡብ ከላይ ላይመጥ ይችላል።

ቀጥሎ ነጭ ዱቄት ፈልጉ። ጡቡ ላይ ወይም በመጋጠሚያው ላይ እንደ አመድ ያለ ነጭ ነገር ካያችሁ በጣታችሁ ጥረጉት። ጨው ነው። ውሃ በጡቡ ውስጥ ሲያልፍ ጨውን አሟሟቶ ይዞ ይወጣል፣ ውሃው ሲተን ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። እናም ነጩ ዱቄት የሚነግራችሁ "ከጀርባ ውሃ አለ" ነው። ዱቄቱን ጠርጎ በላዩ መቀባት አያዋጣም። ውሃው መንገዱን አይተውም፣ ቀለሙን ከኋላ ገፍቶ ያነሳዋል። የውሃው ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። የጭስ ማውጫው ክዳን ተሰብሮ፣ አናቱ ላይ ያለው ሲሚንቶ ተሰንጥቆ፣ ወይም ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቆርቆሮ ለቅቆ ይሆናል። እሱን ሳታስተካክሉ ስለ ቀለም አታስቡ።

ዱቄት ባይኖርም የእርጥበት ሙከራ አድርጉ። የክንድ ያህል ስፋት ያለው ላስቲክ ጡቡ ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር በደንብ አሽጉ። 24 ሰዓት፣ ቢቻል 48 ሰዓት ቆዩ። ስታነሱት ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ላብ ከያዘ ወይም ጡቡ ከጠቆረ እርጥበት አለ። ሙከራው ከዝናብ በኋላ ቢደረግ የበለጠ እውነቱን ያወጣል። ምድጃው የቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ ይህን ሙከራ በፍጹም አትተዉት።

ከዚያ ማያያዣውን እዩ። በጡቦቹ መካከል ያለውን ሲሚንቶ ወይም ኖራ በቁልፍ ጫር ጫር አድርጉት። እንደ አሸዋ ከፈሰሰ መጠገን አለበት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በድሮ ቤቶች ጡቡ ለስላሳ፣ ማያያዣውም ኖራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በጠንካራ ሲሚንቶ መጠገን ጡቡን ያስፈነጥቀዋል። ለስላሳው በለስላሳ ይጠገን። ሰፋ ያለና እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ነገሩ የመሠረት ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

የመጨረሻው ምርመራ ጡቡ ቀድሞ የተቀባ ከሆነ ነው። ቤቱ የቆየ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቀለም ከመኖሪያ ቤት ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ሌሎች አገሮችም በየጊዜያቸው አግደዋል። ከማገዱ በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ሳታስመረምሩ አትፋቁ፣ አትሰንጥሩ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍጉ። አቧራው በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

3. አጽዱት፣ ከዚያ እንደገና እዩት

ብዙ ሰው ጡቡ ቡናማ ነው ብሎ ሲያምን ይኖርና ሲታጠብ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ አንዳንዱም ጠርዙ ሐምራዊ የሆነ ጡብ ይወጣል። ሐምራዊው እቶን ውስጥ እሳት የበዛበት ጎን ነው። በዓመታት ጭስ ስር የተደበቀ ነገር ስለሆነ ሳታዩት ብትሸፍኑት ያሳዝናል።

መጀመሪያ እሳቱ ከጠፋ ብዙ ጊዜ መሆኑን አረጋግጡ። አመድ ውስጥ ያለ ፍም ከቀናት በኋላም ሊነድ ይችላል፣ ስለዚህ አመዱን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አውጡት። ወለሉን ሸፍኑ። የደረቀውን ጥላሸት ከላይ ወደ ታች በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ።

ከዚያ ጡቡን በንጹህ ውሃ አርጥቡት። ይህቺን ብዙዎች ይዘሏታል፣ ግን ትልቅ ጥቅም አላት። ደረቅ ጡብ የሚያገኘውን ውሃ ሁሉ ይመጣል፣ ጥላሸት የቀላቀለውን የሳሙና ውሃም ጭምር። አስቀድሞ ንጹህ ውሃ የጠጣ ጡብ ግን ቆሻሻውን ወደ ውስጥ አይስበውም።

አሁን ለብ ያለ ውሃ ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር በጥብጡና ጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ እሹ። ከታች መጀመሩ የሚንጠባጠበው ቆሻሻ ደረቅ ጡብ ላይ መስመር እንዳይሠራ ይረዳል። የሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ። ቁርጥራጭ ሽቦ ጡቡ ውስጥ ይቀርና ኋላ ይዝጋል፣ ዝገቱም በቀለም ውስጥ ሳይቀር ይወጣል። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። በስፖንጅ እጠቡ።

እምቢ ላለው ጥላሸት ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ ለጥፉበት፣ ጥቂት አቆይታችሁ እሹት። ከዚህም ካለፈ ትራይሶዲየም ፎስፌት የሚባለው ጠንካራ ማጽጃ አለ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ይፈልጋል፣ ከታጠበም በኋላ በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት፣ አለዚያ ቀለም አይዝም። አሲድ ግን እኔ አልመክርም። ማያያዣውን ይበላዋል፣ ጭሱም ለቤት ውስጥ አይሆንም። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ማደባለቅ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በፍጹም አይደረግም።

በዚህ መሐል አንድ ምልክት አስተውሉ። ጥላሸቱ ከምድጃው አፍ በላይ ብቻ ጠቁሮ ከሆነ ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣት ሲገባው ወደ ክፍሉ እየተመለሰ ነው። ያ የመልክ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። ጭሱ ባለበት ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማህበር 211 ቁጥር የሰጠው ደረጃ ጭስ ማውጫ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመርመር ይላል። እናንተም የትም ብትሆኑ ምድጃውን የምታነዱት ከሆነ ጭስ ማውጫውን አስጠርጉና አስመርምሩ። ሳታስተካክሉ ነጭ ቀለም ብትቀቡት ጥቂት ጊዜ ካነደዳችሁ በኋላ ያው ጥቁር መስመር ይመለሳል።

ከታጠበ በኋላ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ስጡትና ወደ 1ኛው ደረጃ ተመለሱ። የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር አሁንም እውነት ነው?

4. ዙሪያውን ቀይሩ

ቀለም የሚታየን ከጎኑ ካለው ጋር ሲነጻጸር ነው። ቀይ ጡብ ቢጫ ግድግዳ አጠገብ ሲሆን ለዓይን ይከብዳል። ያው ጡብ ሞቅ ያለ ነጭ ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ ሲሆን ሌላ ነገር ይመስላል። ግድግዳ መቀባት ርካሽ ነው፣ ካልተወደደም ይመለሳል። መደርደሪያውን መፋቅ ወይም መለወጥ፣ የብረቱን በር ሙቀት በሚችል ጥቁር ቀለም መቀባት፣ አምፖሉን መቀየርም እንደዚያው። እነዚህን ከሞከራችሁ በኋላም ጡቡ ካላስደሰታችሁ፣ እንግዲህ ወደ ቀለም እንሂድ።

5. ጡቡን ሳትነኩ ቀለሙን ሞክሩ

በስልክ ፎቶ አንስቶ በመተግበሪያ ቀለም መቀየር ለመነሻ ያህል ጥሩ ነው። እኔ የበለጠ የማምነው ግን ካርቶንን ነው። ትልቅ ካርቶን ያሰባችሁትን ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ ምድጃው ላይ በፕላስተር ስቀሉት። ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ። ጠዋት እዩት፣ ማታ በመብራት እዩት፣ እሳት ነዶ ሳለ ግን አውርዱት። ብዙ ጊዜ በሱቅ ብርሃን ንጹህ ነጭ የሚመስለው ማታ ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ሆኖ ይገኛል።

ነጭን ለምትመርጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምድጃው የሚነድ ከሆነ ድምቅ ያለ ነጭ ጥላሸትን ያሳብቃል። ክሬም መሰል ወይም ግራጫ የቀላቀለ ነጭ ይቅር ባይ ነው። ጥቁር ግራጫ ደግሞ ጥላሸትን ይደብቃል፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ግን ምድጃውን ያገዝፈዋል።

6. ምን ዓይነት ቅብ?

ምርጫው መቀባትና አለመቀባት ብቻ አይደለም። በመሐል ብዙ መንገድ አለ፣ እኔም ብሆን መጀመሪያ የማየው መሐሉን ነው።

ኖራ ከሁሉ የቆየው ነው። የበሰለ ኖራ በውሃ ተበጥብጦ በእርጥብ ጡብ ላይ ይቀባል። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ይጠነክርና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ጡቡ መተንፈሱን አያቆምም፣ ስለዚህ እርጥበት አያምቅም። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገና ሳይጠነክር በውሃና በብሩሽ ሊነሳ ይችላል፣ በኋላም እየሳሳ ይሄዳል እንጂ እንደ ላስቲክ አይላጥም። ሲቀባ ውሃ የመሰለ ነው፣ ሲደርቅ ነው ነጭ የሚሆነው። ይህን የማያውቅ ሰው አልያዘም ብሎ ይደራርብና ሲደርቅ ከፈለገው በላይ ወፍሮ ያገኘዋል። ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር ግድ ነው።

የሳሳ ቀለም ሁለተኛው ነው። የውሃ ቀለም በእኩል ውሃ ተበጥብጦ ይቀባና ሳይደርቅ በጨርቅ ይጠረጋል። የጡቡ መልክ ከስር ይታያል። ቆንጆ ነው፣ ግን ያው ቀለም ስለሆነ አይመለስም።

ዘልቆ የሚያቀልም የጡብ ማቅለሚያም አለ። ላዩ ላይ ሽፋን ሳይሠራ የጡቡን ቀለም ይለውጣል። ቀይነቱ ብቻ ለሚያስጨንቀው ሰው ይህ ይበጃል። ጡቡ ከታሸገ ግን አይሠራም።

በፖታሲየም ሲሊኬት የሚሠራው የማዕድን ቀለምም ከጡቡ ጋር ተዋህዶ የሚይዝና የሚተነፍስ ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ቪልሄልም ካይም እ.ኤ.አ. በ1878 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ሲሆን ዛሬም ይሠራበታል። ዋጋው ከተራ ቀለም ይወደዳል፣ አይነሳምም።

በመጨረሻ ሙሉ ሽፋን የሚሰጠው የተለመደው የውሃ ቀለም አለ። የጡቡን መልክ ሙሉ በሙሉ ትሰናበታላችሁ። ጡቡ ደረቅ ሆኖ ከዚህ በፊት በመጥፎ የተቀባ ወይም በማይመሳሰል ጡብ የተጠገነ ከሆነ ተገቢ ምርጫ ነው።

7. መቼ "አይሆንም" ማለት አለባችሁ?

ቤቱ ታሪካዊ ከሆነና ጡቡ ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ አትቀቡ። እርጥበቱ ካልተፈታ አትቀቡ። ከቤት ውጭ ያለውን የጭስ ማውጫ ጡብ አትቀቡ። ዝናብ ያገኘዋል፣ ቅዝቃዜ ባለበት አገርም የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋና የጡቡን ፊት ይገነጥለዋል። የቤቱ ሰዎች ካልተስማሙም አትቸኩሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ቤቱን በቅርቡ የምትሸጡት ከሆነም ለገዢው ምርጫውን ተዉለት። ገዢው ራሱ መቀባት ይችላል፣ የተቀባውን ማንሳት ግን አይችልም።

የእሳቱን ጎድጓዳ ውስጥ ደግሞ በተራ ቀለም በፍጹም አትቀቡ። ነበልባል የሚነካው ቦታ ነው፣ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ጭሱም መጥፎ ነው። የግድ ይቀባ ከተባለ እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል የሙቀት ቀለም አለ፣ እሱም ለጡብ የሚሆን መሆኑ ጣሳው ላይ ሲጻፍ ብቻ። እኔ ግን ውስጡን እንዳለ እተወዋለሁ። ጥቁረቱ ከእሳት ጋር ይሄዳል።

የውጭውን ፊት ምን ያህል እንደሚሞቅ ለማወቅ አንድ ሁለት ሰዓት አንድዱና እጃችሁን ጡቡ ላይ አሳርፉ። ሳትጨነቁ ማቆየት ከቻላችሁ የውሃ ቀለም ይችለዋል። እጅ የሚያስነሳ ቦታ ካለ ቀለሙ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ጣሳው ላይ አንብቡ።

8. እንቀባለን ካላችሁ

ማያያዣውን በአዲስ ሲሚንቶ ከጠገናችሁ 28 ቀን ያህል ይድረቅ። ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ይበላል። ታጥቦ የነበረው ጡብም ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ወለሉን፣ መደርደሪያውንና በሩን ሸፍኑ።

ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ቅብ፣ አትዝለሉ። ለጡብና ለሲሚንቶ የተሠራውን ያዙ። ጥላሸት የነበረበት ቦታ ላይ እድፍ የሚያፍን ፕራይመር ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቡናማው ነጠብጣብ በሁለትም በሦስትም እጅ ቀለም ውስጥ እየወጣ ያስቸግራችኋል። በአልኮል ወይም በዘይት የሚበጠበጠው ዓይነት በዚህ ይበልጣል፣ ግን ሽታው ኃይለኛ ነው፣ እሳትም ይይዛል። መስኮት ክፈቱ፣ በአካባቢው ምንም የሚነድ ነገር አይኑር።

ሲቀባ መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹን በብሩሽ፣ ቀጥሎ የጡቡን ፊት ፀጉሩ ረዘም ባለ ሮለር፣ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ። በትንሽ በትንሽ ቦታ ሂዱ፣ በየጉድጓዱ የተጠራቀመውን ቀለም ሳይንጠባጠብ ብሩሽ እያስገባችሁ አውጡ። ሁለት እጅ በቂ ነው። ጡብ ይመጣልና ለተመሳሳይ ስፋት ግድግዳ ከምትገዙት በላይ ቀለም ያዙ። ማት የሚባለው የማያብረቀርቅ ቀለም የጡቡን ጉድለት ይሸፍናል፣ ሳቲን የሚባለው በትንሹ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ጥላሸት ሲነካው ለመጥረግ ይቀላል። ለሚነድ ምድጃ እኔ ሳቲኑን እመርጣለሁ።

እሳት ከማንደዳችሁ በፊት ጣሳው የሚለውን የመጠንከሪያ ጊዜ ጠብቁ። ለመንካት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ቀለም ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን፣ መስኮቱም ይከፈት። ቀለሙ ካበጠ፣ ከለሰለሰ ወይም ከሸተተ እሳቱን አጥፉና ቦታውን በሙቀት መለኪያ ለኩት። የተረፈውን ቀለም በትንሽ ዕቃ አሽጋችሁ የቀለሙን ስምና ቁጥር ጻፉበት፣ ከአፉ በላይ ያለው ጡብ በየጊዜው መነካካቱ አይቀርም።